እህቴ ልትሰጠኝ የነበረው ኩላሊት

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ለመመስከር ሽማግሌዎቻችንን ሦስት እሑድ ለምኛለሁ። ሦስት እሑድ ያስጠበቁኝ ጠልተውኝ አይደለም፤ ወሬዬ ረዥም መሆኑን ስለሚያውቁ ሰዓት ፈርተው ነው። እውነታቸውን ነው። ግን ጌታ ያደረገልኝን ሆዴ ውስጥ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ዛሬ ታገሡኝ። የምነግራችሁ ስለ ኩላሊት ነው። ወጣቶቹ ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ስጨርስ እንተያያለን።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። አሁን እዚህ ሸዋ ሮቢት ከእናንተ ጋር እኖራለሁ እንጂ፣ ጀውሃ መንገድ ዳር ምግብ ቤት የነበረችው ጥሩወርቅ እኔው ነኝ። ከአሰብ ጭኖ የሚመጣ፣ ከደሴ ወርዶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሾፌር እኔ ቤት ሳይበላ አያልፍም ነበር። የጥሩወርቅ እጅ ጨው ያውቃል ይሉኝ ነበር። ድስቱን ሳልቀምስ፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ በመዓዛው ብቻ ጨው እንዳነሰው እናገር ነበር። በዚች እጄ ልቤ አብጦ ነበር። እጾማለሁ፣ ስለት አገባለሁ፣ ግን ምላሴ ሰው ያቆስላል፤ ጥፋቱም የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የራሴ ልብ ነበር። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ ስሙ ይመስገን።

አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ፣ አስካለ ትባላለች። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ስለነበረች ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ካደገች በኋላ አዲስ አበባ ሄዳ ድሬሰርነት፣ የሐኪም ረዳትነት ማለት ነው፣ ተማረች፣ እዚያው ሆስፒታል ተቀጠረች፣ እዚያው ጌታን አገኘች። ለዕረፍት እኔ ዘንድ መጥታ ገበታ ላይ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ሾፌሮቹ አዩዋት። አንዱ እህትሽ ጸረ ማርያም ሆነች እንዴ ብሎ ሲጠይቀኝ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም በሳቃቸው ተቃጠልኩ። ጓዳ አስገብቼ ይህን ነገር ተዪው አልኳት። ሌላ ያዘዝሽኝን ሁሉ እሠራለሁ፣ ይህን ግን መተው አልችልም አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ያደረግኩትን ስሙ። ውሃ የጠጣችበትን ብርጭቆ ከእጇ ነጥቄ ወጣሁና ደጅ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጥኩት። ሌላ ሰው አፉን እንዳያሳርፍበት ነው አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም ብዬ ጓዟን አውቶቡስ ላይ አስጫንኩት። እሷ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች፣ እግር እንዳይወጋ ጥግ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ተሳፈረች።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ደብዳቤ ትልክልኝ ነበር። የሚያመጣው ጋሼ መኩሪያ ነው፤ ያ ጸጉሩ የሸበተ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ደብዳቤውን ሳልከፍት በእሱው እጅ እመልሰዋለሁ። እሱ አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ደብዳቤውን ደረት ኪሱ ይከትና ምሳውን በልቶ ይሄዳል።

በሦስተኛው ዓመት ወፈርኩ። እናንተ ወፈርኩ ስል እያያችሁኝ ነው፤ ያኔ የነበረኝን ውፍረት ብታዩ! ጠዋት ስነሳ ፊቴ ሙሉ ነው፣ ጉንጬ ያብረቀርቃል፣ ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ አለ። ደንበኞቼ አማረብሽ፣ ንግዱ ተስማማሽ፣ ሞላሽ አሉኝ። እኔም ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አሰፋሁት፤ ልብስ ሰፊው ሳይቀር አሞገሰኝ። ማታ ማታ ጫማዬ እግሬ ላይ ሲጠብቀኝ ውፍረት ነው አልኩ። ቅልጥሜን በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል፤ ይህንንም ውፍረት ነው አልኩ። ሽንቴ የታጠበ ሥጋ እጣቢ መምሰል ሲጀምር ግን ለማንም አልተናገርኩም። የሞላችው ጥሩወርቅ ታማለች መባልን አልፈለግኩም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ድስት ላወርድ ስል ትንፋሼ አጠረ። ቁና ቁና እየተነፈስኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ መኩሪያ በዚያው ሰዓት ምሳ ሊበላ ገብቶ ስለነበር ከጎረቤቶቼ ጋር ተሸክሞ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችኝና "አላህ ይመልስሽ" አለችኝ። ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በር ላይ ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ፤ ከተራራው የመንገድ ዋሻ ስንወጣ ሞቼ የተመለስኩ ያህል ነበር። ወዴት እንደሚወስደኝ አልጠየቅኩትም። ለካ ሦስት ዓመት ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረ ሰው አድራሻውን በቃሉ ይዞታል። በቀጥታ አስካለ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ነው የወሰደኝ። ጌታ መንገዱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፣ ሃሌ ሉያ!

አልጋ ላይ ሆኜ ዓይኔን ስገልጥ ነጭ ጋውን የለበሰች እህቴ እግሬን ይዛ ጣቷን ቅልጥሜ ላይ ተጭናለች። ጉድጓዱን አየችው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እሷም እንደ ማንኛዋም በሽተኛ አንቱ እያለች መጠየቅ ጀመረች። አንቱ ስትለኝ እንዴት እንዳመመኝ!

ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የኛው አገር ሰው ነበር፣ ገና ወጣት። ብዙ ሐኪም አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ትሑት ሰው ግን በሌላ ሙያም አላየሁም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ኩላሊት ምን እንደሆነ ያውቃሉ ወይ አለኝ። ስንት የፍየል ኩላሊት በቅቤ ጠብሼ ለሾፌር ያቀረብኩ ሰው ነኝ፣ ምን ማለትህ ነው አልኩት። ሳቀ። የእኔም ውስጥ ሁለት እንዳሉ፣ ወንፊት ማለት እንደሆኑ፣ ቆሻሻውን አሳልፈው ለሰውነት የሚጠቅመውን እንደሚያስቀሩ፣ የኔ ወንፊት ግን እንደተበሳና የሚጠቅመው እየፈሰሰ፣ ውሃና ጨው ደግሞ እየቀረ እንደሚያሳብጠኝ አስረዳኝ። እርስዎ ውፍረት ያሉት ውሃ ነው አለኝ። ያን ሁሉ ሙገሳ አሰብኩና አፈርኩ።

አስካለ ሽንቴን በቀጭን ብልቃጥ ትቀዳና ከአልኮል ኩራዝ በላይ ይዛ ታሞቀዋለች። ሲፈላ እንደ እንቁላል ነጭ እየረጋ ይመጣል። ወጥ ሠሪ ነኝና ገባኝ፤ ከሰውነቴ እንቁላል እየፈሰሰ ነበር። የምጠጣው ውሃ በኩባያ ተለክቶ ነው፣ የምሸናው በጠርሙስ ተለክቶ ይጻፋል። ምግቡ ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ ጨው የለውም! የመጀመሪያውን ጉርሻ ተፋሁት። ይህን ለውሻ ብሰጠው ይቀየመኛል አልኩ። አስካለ የተፋሁትን ጠርጋ ሌላ ጉርሻ አቀረበች። ቀን በቀን እንዲህ ነው፤ እሰድባለሁ፣ ትጠርጋለች፣ ታጎርሰኛለች። ስለ ጌታ አንድ ቃል አልሰበከችኝም። ብትሰብከኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ምንም ስላልተናገረች ነው የተቸገርኩት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሽንቴ ጭራሽ አነሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዬን በጋረደው ጨርቅ ማዶ ሐኪሙና አስካለ ሲነጋገሩ ሰማሁ። የተኛሁ መስሏቸዋል። ሐኪሙ ኩላሊቶቿ ካልተነሡ ምን ማድረግ እንችላለን ይላታል። እሱ በተማረበት አገር ደም የሚያጣራ መኪና እንዳለ፣ ከዚያም አልፎ ከጤነኛ ሰው አንድ ኩላሊት አውጥተው ለታመመው ሲያኖሩ በዓይኑ እንዳየ፣ ሰጪውም በአንዱ እንደሚኖር ነገራት።

"የኔን ይውሰዱላት" አለች።

"አስካለ፣ እዚህ አይቻልም። መኪናውም የለን፣ ቀዶ ጥገናውንም የሚሠራ የለን" አላት።

እዚያ አገር ብሄድስ አለችው። ብዙ ሰው እዚያም እንዳልዳነ፣ ገና ጅምር እንደሆነ፣ እኛን የሚያደርስ መንገድም እንደሌለ በሐዘን ነገራት። እንግዲያው ይጻፉልኝ አለችው። ምኑን ልጻፍ አላት። "እህቷ ኩላሊቷን ሰጥታለች ብለው ካርዷ ላይ ይጻፉ። የሚቻልበት ቀን ቢመጣ ማን እንደሚሰጥ ፍለጋ እንዳይቆዩ።" ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። ወንድሞቼ፣ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሐኪሙ ሲሄድ ጨርቁን ገለጠች፤ እያለቀስኩ አገኘችኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራኋት።

"አስካለ፣ ብርጭቆሽን ሰው ፊት የሰበርኩ እኮ ነኝ። እንዴት ብለሽ ነው?"

አጠገቤ ተቀመጠች። አንቱታውን ተወችው። "እትዬ፣ ብርጭቆው የአንቺ ነበር፤ ብትሰብሪው መብትሽ ነው። ኩላሊቱ ግን የኔ ነው። ለማን እንደምሰጠው እኔ አውቃለሁ" አለች።

እንዲህ ያለ መልስ ማን አስተማረሽ አልኳት። ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ጠላቶቹ ሳለን ራሱን ስለሰጠን፣ ስጠኝ ሳይባል ስለሰጠ ጌታ ነገረችኝ። ስብከት አልነበረም፤ ስለምታውቀው ሰው የምታወራ ነበር የምትመስለው። እኔ ብዙ ዘመን ስሙን ስጠራ ኖሬአለሁ፤ የሚሰጥ መሆኑን ግን ያን ቀን በእህቴ አየሁ። እጇን ያዝኩና አንቺ የምታውቂውን እኔም ልወቀው አልኳት። እዚያው፣ የሽንት ጠርሙሱ ከአልጋዬ ሥር ተቀምጦ፣ ጌታን ተቀበልኩ። ቦታ አይመርጥም፣ ስሙ ይባረክ!

በማግስቱ ተነስቼ ዘለልኩ አልላችሁም። ውሸት መጨመር አልፈልግም፤ ጌታ የኔ ውሸት አያስፈልገውም። በሦስተኛው ቀን ግን ጠርሙሱ ከወትሮው ከፍ ብሎ ሞላ። በሳምንቱ ያበጠው ዓይኔ ተገለጠ፣ ፊቴ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሐኪሙ ኪኒኑም ረድቷል፣ ወንፊቱም መጠገን ጀምሯል፣ ፈጣሪም አለበት አለ። እኔም ሦስቱንም አሜን አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጨው እንዳልነካና ሽንቴ እንዲታይ አስጠንቅቆ ሸኘኝ። አስካለ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ፣ ብልቃጧንና ኩራዟን ይዛ ጀውሃ አብራኝ ወረደች።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር፤ ጌታን ካገኘሁ በኋላ የሠራሁትን። አስካለ በየሦስት ቀኑ በእትዬ ዘሃራ ባል መደብር፣ ማሽላ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ታቆመኝ ነበር። ገበያተኛው ጥሩወርቅ ስንት ኩንታል ወጣች እያለ ይሳለቃል። ክብደቴ ሲቀንስ ውሃው እየወጣ ነው ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ቀነሰ። ከዚያ መጨመር ጀመረ። እግሬም እንደገና ጎደጎደ። አስካለ ውሃዬን ደግማ ለካች፣ ኪኒኔን ቆጠረች፣ ምክንያቱ ጠፋት። አንድ ጠዋት ሚዛኑ አጠገብ፣ ከማሽላው ከረጢት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። በቃ ኩላሊቱ እየሞተ ነው፣ ወደ ሐኪሙ ተመልሼ ውጭ አገር የሚወስደኝን መንገድ እለምናለሁ አለች። ሆዷን በእጇ ይዛ ነው ይህን ያለችው፤ እዚያው ላይ ቆርጣ ልትሰጠኝ የተዘጋጀች ትመስል ነበር።

እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር።

አስካለ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እትዬ ዘሃራ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ደግ ሴት ናት፣ ወተት ሳትይዝ አትገባም። ለካ የኔን ድስት ትገልጥና ጨው ትበትንበት ኖሯል። አላየሁም፤ ግን የመጀመሪያዋ ጉርሻ ላይ ምላሴ ነገረኝ። በመዓዛው ብቻ ጨው የማውቅ ሰው እንዴት አላውቅም? አወቅሁ፣ ዝምም አልኩ። አስካለ አዝናልኝ ትንሽ ጨምራልኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እህቴ አካሏን ልትሰጠኝ ቆማ፣ እኔ ለእሷ ስል አንዲት ቁንጥር ጨው መተው አቃተኝ! ያን ቀን ከረጢቱ አጠገብ፣ ነጋዴውም ሸማቹም እየሰማ፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ብርጭቆዋን የሰበርኩት ሰው ፊት ስለነበር ይህንንም ሰው ፊት መናገሬ ተገቢ ነበር።

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ እንባዋን ጠርጋ ሳቀች። ጨው ነው፣ ኩላሊትሽ አልሞተም አለች። ጓዳዬ ከእሷ ሌላ የሚገባ አልነበረምና እትዬ ዘሃራ ስትጠራ መጥታ፣ "ወላሂ፣ ጨው ያጣችሁ መስሎኝ ነው። ያገሩን ሾፌር ያጠገበች ሴት ጨው የሌለው ወጥ ስትበላ አይቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ለናንተ ማፈሪያ እንዳይሆን ደብቄ ጨመርኩ" አለች። አስካለ እጇን ይዛ ጣቷን ቅልጥሜ ላይ አስቀመጠችና ተጫኚ አለቻት። ጉድጓዱን ስታይ እትዬ ዘሃራ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድስቴ ዘበኛ ሆነች። ወጡን ራሷ ሳትቀምስ አልበላም፤ ጨው እንዳለው ከጠረጠረች ድስቱን ገልብጣ ትደፋዋለች። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጠኝ ጌታ ይመስገን።

አስካለ ፈቃዷ ሲያልቅ ተመለሰች፤ በየወሩ ግን በጋሼ መኩሪያ መኪና እየመጣች ታየኝ ነበር። ብልቃጡ ውስጥ የሚረጋው ነጭ ነገር እየሳሳ ሄደ። ዓመት ሊሞላኝ ሲል አንድ ጠዋት እኔ፣ አስካለና እትዬ ዘሃራ ኩራዟን ከበን ተቀመጥን። ሽንቱ ሞቀ፣ ፈላ። አስካለ ብልቃጡን ወደ በሩ ብርሃን አነሣችው። እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሏል። ለማረጋገጥ ጠብታ አሲድ ጨምራ ደግማ አፈላችው። አሁንም ጥርት ብሏል። "ጠራ፣ እትዬ" አለች። እትዬ ዘሃራ አልሐምዱሊላህ ስትል እኔም ጌታ ይመስገን አልኩ፤ አፋችን እኩል ነው የተከፈተው።

ሆስፒታል ሄጄ ያ ሐኪም ሲያየኝ የራሱ እናት የዳነች ያህል ነው የተደሰተው። ካርዴን አውጥቶ አሳየኝ። አስካለ ያስጻፈችው እንዳለ ነው፤ እኔ ማንበብ ስለማልችል አነበበልኝ። እሷ ካስጻፈችበት ቀን በኋላ ለኩላሊት በሽተኛ ዘመዶች ሁሉ ስለዚሁ ነገር እንደሚያስረዳቸው፣ ልስጥ ያለውንም ስሙን በአንድ ደብተር እንደሚይዝ ነገረኝ። አገራችን ይህን የምትሠራበት ቀን ይመጣል፣ ያን ቀን የሚሰጥ ሰው እንዳይጠፋ አሁን መጀመር አለብን አለ። የኔንም ስም ጻፍ ብዬ ተጣላሁት። የርስዎ ኩላሊት እኮ ገና ከሕመም የተነሣ ነው፣ ይንከባከቡት ብሎ ሳቀብኝ። ወገኖቼ፣ ስለዚህ ሰው ጸልዩለት። ደም የሚያጣራ መኪና ሳይኖረው፣ መሣሪያ ሳይኖረው፣ በኩባያና በጠርሙስ የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ሰው ነው።

እኔም የምችለውን ጀመርኩ። ይኸው አሁን እዚህ ሸዋ ሮቢት ባለው ምግብ ቤቴ ሁልጊዜ ሁለት ድስት ይጣዳል። ክዳኑ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ጨው አያውቅም። ከአጣዬም ከደሴም ወደ ሆስፒታል የሚያልፍ አብጦ የመጣ ሰው ከዚያ ይበላል። ጣዕሙን በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በበሶብላ አገኘሁለት፤ ለውሻ ይሰጥ ያልኩትን ምግብ ዛሬ ሰው ጨምሪልኝ ይለኛል። ወፈርክ፣ አማረብህ የተባለ ሰው ሲገባ ደግሞ ከመቀመጡ በፊት እግርህን አምጣ እለዋለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል፤ ሁለት ሰው ግን በጊዜ ሐኪም ዘንድ ደርሶ ተርፏል። ሰው ሲያሞግሳችሁ ቅልጥማችሁን ተጫኑ፤ ከስብሰባው በኋላ ማንንም አሳፍሬ አልጠይቅም፣ ቤታችሁ ገብታችሁ ተጫኑ።

ጌታን ገና ያላወቃችሁ፣ በሩ አጠገብ የቆማችሁ፣ እናንተን ነው የምለምነው። እህቴ ልስጥ ብላ አይቻልም ተባለች፤ የምትችለውን ሁሉ ሰጠች፣ ያንን ግን አልቻለችም። ጌታ ግን እሰጣለሁ አለ፣ ሰጠም። ይህን ያህል የወደዳችሁን አትፍሩት። እኔን ብርጭቆ ሰባሪዋን ካልናቀኝ እናንተን አይንቃችሁም።

አስካለ ከኋላ ተቀምጣለች፤ እንዳትጠሪኝ ብላኝ ነበር፣ እኔ ግን መቼ ሰው ያለኝን ሰምቼ አውቃለሁ። ተነሺ እህቴ፣ ይዩሽ። አያችኋት? ሁለቱም ኩላሊቶቿ አብረዋት አሉ፤ ማንም አልነካቸውም። እኔ ግን ካርዴ ላይ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንዱን ይዤ ነው የምኖረው።